የአየሩ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

«አርኬን» በተባለው የአኒሜሽን ተከታታይ ፊልም ሁለተኛ ሲዝን መጀመሪያ ላይ ኬትሊን ኪራማን የምትባል የባለጸጋ ልጅ እናቷን በሞት ታጣለች። ከእናቷ የምትወርሰው ብዙ ነው፤ ታሪኩን የሚያዞረው ግን አንድ ቁልፍ ነው። ቁልፉ ከታችኛው ከተማ መርዛማ ጭስ እየሳበ ወደሚያወጣው የአየር ማስወጫ መስመር ያስገባል። እናቷ ካሳንድራ መስመሩ እንዲሠራ የደከመችው የታች ሰፈር ሰው በቅጡ እንዲተነፍስ ብላ ነበር። ኬትሊን የእናቷን ገዳይ ፍለጋ ስትወርድ ያንኑ ጭስ መልሳ ጎዳናው ላይ ትለቅቀዋለች። እሷና ጓዶቿ ጭምብል አጥልቀው በግራጫው ደመና ውስጥ ይገሰግሳሉ፤ ነዋሪው አፉን ሸፍኖ ይሸሻል።

ይህ ትዕይንት በተመልካቾች መካከል ያስነሣው ክርክር ገና አልበረደም። አብዛኛው ሰው የሚከራከረው ስለ ኬትሊን ጠባይ ነው። ሐዘኗ ጥፋቷን ያቀልላታል ወይ? ከዚህ በኋላ የታች ሰፈር ልጅ የሆነችው ቫይ እንዴት ልትወድዳት ቻለች? ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ ግን ከሁለቱም ሴቶች ጠባይ በፊት የነበረው ሥርዓት ነው። የአንድ ከተማ ሕዝብ ትንፋሽ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ቁልፍ በአንድ ቤት ውስጥ በውርስ ይተላለፋል። ወራሿ ደግ ስትሆን ሕዝቡ ይተነፍሳል፤ ስትቆጣ ይታፈናል። በሁለቱም ጊዜ ቁልፉ ያለው ላይ ነው። የፈጠራ ዓለም የመደብ ልዩነትን እንዴት ሊሸከም እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ፊልሙን ላላየ አንባቢ ጥቂት ልበል። «አርኬን» በኔትፍሊክስ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ነው፤ ሁለተኛውና የመጨረሻው ሲዝን በኖቬምበር 2024 ወጣ። እያንዳንዱ ሲዝን 9 ክፍል አለው። ታሪኩ የተቀዳው ራዮት ጌምስ የተባለው ኩባንያ በ2009 ካወጣው «ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ» ከተሰኘው የኮምፒውተር ጨዋታ ዓለም ሲሆን፣ አኒሜሽኑን የሠራው ፎርቲሽ የተባለው የፈረንሳይ ስቱዲዮ ነው። በ2022 የኤሚን የምርጥ አኒሜሽን ሽልማት ሲወስድ፣ በዚያ ዘርፍ ለማሸነፍ በኢንተርኔት ከሚሠራጩ ተከታታዮች የመጀመሪያው ሆኗል።

ታሪኩ የሁለት እኅትማማቾች ነው። ቫይና ፓውደር ገና ሕፃናት ሳሉ የታችኛው ከተማ ሰዎች ያምፃሉ፤ አመፁ ሁለቱን ከተሞች በሚያገናኘው ድልድይ ላይ ይደመሰሳል፤ የልጆቹ ወላጆችም እዚያው ይወድቃሉ። አመፁን የመራው ቫንደር የብረት ጓንቱን ጥሎ ሁለቱን ልጆች አቅፎ ይመለሳል፤ እንደ ልጆቹም ያሳድጋቸዋል። በኋላ ታናሺቱ ለመርዳት ብላ የሠራችው ፈንጂ የገዛ ወገኖቿን ይጨርሳል። እኅትማማቾቹ በዚያች ሌሊት ይለያያሉ። ፓውደርን የቫንደር የቀድሞ ጓደኛ፣ የኋላ ጠላቱ የሆነው ሲልኮ ያነሣታል፤ ጂንክስ ተብላም ታድጋለች። የኬትሊንን እናት የገደለችው እርሷ ናት።

ላይኛው ከተማ ፒልቶቨር ይባላል። ነጭ ድንጋይ፣ ወርቅማ ጌጥ፣ ቀጥ ያለ መስመር፣ ብዙ ፀሐይ አለው። ታችኛው፣ ነዋሪዎቹ ዛውን የሚሉት፣ በገደሉ ውስጥ ወደ ታች እየወረደ የተሠራ ነው፤ የተጣመመ ብረት፣ አረንጓዴ ብርሃን፣ ከስንጥቁ የሚወጣ ጭስ። ይህን ያህል ማንም ተመልካች በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይረዳዋል። የፊልሙ ብልሃት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ጄ. አር. አር. ቶልኪን በ1939 በስኮትላንድ በሚገኘው ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ስለ ተረት ባደረገው ንግግር አንድ ነገር አስረድቶ ነበር። ደራሲው ሁለተኛ ዓለም ይፈጥራል፤ አንባቢው በዚያ ዓለም ውስጥ እስካለ ድረስ የዚያን ዓለም ሕግ አምኖ ይኖራል፤ ጥርጣሬ የገባ ዕለት ግን ጥበቡ ይፈርሳል። ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙ ደራስያን ይህን ምክር ካርታ በመሣል፣ የነገሥታት ሐረግ በመቁጠር፣ ቋንቋ በመፍጠር ለመፈጸም ሞክረዋል። እነዚህ ሁሉ ደስ ይላሉ። እምነት የሚጸናው ግን አብዛኛውን ጊዜ ተራ በሆነ ነገር ነው። ቤተ መንግሥቱ ሲበላ እህሉን ማን አመረተው? ቆሻሻው ወዴት ይፈሳል? በረዥሙ ደረጃ ውሃ የሚያመላልሰው ማነው? አስማት ያለበት ዓለም ሲሆን ደግሞ ጥያቄው ይጨምራል፤ አስማቱ የሚሸጥ ነው ወይስ የሚወረስ? ስንት ያስወጣል? ሌሊት ሌሊት ተነሥቶ እሳቱን የሚጠብቅለትስ ማነው?

የመደብን ልዩነት በልብስና በስድብ ማሳየት ቀላል ነው። ሀብታሙ አፍንጫውን ይነፋል፣ ድኻው እጁን ይዘረጋል፣ ተመልካቹም ማንን መጥላት እንዳለበት ያውቃል። እንዲህ ያለው ታሪክ ግን ክፉው ሀብታም ሲሞት ያልቃል። ልዩነቱ እንደ ቤት ውስጥ ቧንቧ በግድግዳው ውስጥ የተቀበረ ሲሆን ግን ክፉ ሰው አያስፈልገውም፤ ደግ ሰዎች በየማለዳው ተነሥተው ሥራቸውን ሲሠሩ በራሱ ይቀጥላል። «አርኬን» ውስጥ የፒልቶቨር ሰዎች አብዛኞቹ ክፉዎች አይደሉም። የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

ከተማን ላይና ታች አድርጎ መክፈል አዲስ ሐሳብ አይደለም። ኤች. ጂ. ዌልስ በ1895 ባሳተመው የጊዜ መኪና ልቦለዱ ውስጥ የሰው ዘር ለሁለት ተከፍሎ፣ የሠራተኛው ተወላጆች ከመሬት በታች መሣሪያ ሲያንቀሳቅሱ፣ የባለጸጎቹ ተወላጆች ላዩ ላይ በአበባ መካከል ሲጫወቱ አሳይቷል። ፍሪትዝ ላንግ በ1927 «ሜትሮፖሊስ» በተባለው ድምፅ አልባ ፊልሙ ሠራተኞቹን ከምድር በታች አኑሮ፣ ጌቶቹን ሰማይ በሚነካ ፎቅ ላይ አስቀመጣቸው። ፊልሙ የሚያልቀው የጌታው ልጅ አባቱንና የሠራተኞቹን አለቃ እጅ ለእጅ ሲያጨባብጥ ነው። ላንግ ራሱ ከብዙ ዓመት በኋላ ያንን መጨረሻ እንዳልወደደው ተናግሯል። እንዲህ ያለ ጥልቅ ጉድጓድ በመጨባበጥ እንደማይሞላ ተመልካቾችም ሲሉ ኖረዋል። ይህን መጨባበጥ አንባቢ ያስታውስልኝ፤ ለ«አርኬን»ም ያስፈልገናል።

አሁን ወደ ቧንቧዎቹ እንውረድ። መጀመሪያ አየሩ። ቪክቶር የሚባለው ሳይንቲስት የታች ሰፈር ልጅ ነው። በችሎታው ወደ ላይ ወጥቶ በፒልቶቨር አካዳሚ የዲኑ ረዳት ሆኗል፤ ጄይስ ከተባለ የላይኛው ከተማ ሰው ጋር ሆኖም አስማትን በመሣሪያ የሚያሠራውን ሄክስቴክ የተባለ ጥበብ ፈጥሯል። በእርሱ ሥራ ከተማዋ በሀብት ላይ ሀብት ትጨምራለች። እርሱ ግን ያስላል፤ ደምም ይተፋል። ያደገበት ጭስ ሳንባው ውስጥ አብሮት ወደ ላይ ወጥቷል። ፊልሙ ስለ መደብ ሊያስተምር ቢፈልግ ኖሮ ለቪክቶር ረዥም ንግግር ይሰጠው ነበር። አልሰጠውም፤ ሳል ሰጠው። ስለ ማኅበራዊ ከፍታ የሚነገረው ተስፋ ሁሉ፣ ጎበዝ ከሆንክ ትወጣለህ የሚለው ሁሉ፣ በዚያች ሳል ፊት ይፈተናል።

ሁለተኛው ነገር ጸጥታ ነው። በመጀመሪያው ሲዝን ቫንደርና የላይኛው ከተማ የጸጥታ አዛዥ ግሬይሰን በስውር ተስማምተው ይኖራሉ። እርሱ ሰዉ እንዳያምፅ ይይዛል፤ እርሷ ወታደሮቿን ከታች ሰፈር ታርቃለች። ሁለቱም ሰላም ይወዳሉ፤ ሁለቱም ይከባበራሉ። የስምምነቱ ዋጋ ግን የሚከፈለው ከአንድ ወገን ብቻ ነው። ልጆቹ ላይ ወጥተው ሲሰርቁና ፍንዳታ ሲያስነሡ ሰላሙ እንዲቀጥል የሚታሰር ሰው ከታች መምጣት አለበት። ብዙ ተመልካቾች ቫንደርን እንደ ቅዱስ ያዩታል፤ እኔም እወደዋለሁ። ሲልኮ የሚጠይቀው ጥያቄ ግን ቫንደርን ስለወደድን ብቻ አይጠፋም። በእንዲህ ያለ ሰላም ውስጥ የታችኛው ከተማ ሕይወት እስከ መቼ ነው የሚቀጥለው? ፊልሙ ይህን ጥያቄ ለወንጀለኛ፣ ሰፈሩን በሺመር ዕፅ ለሚመርዝ ሰው አፍ መስጠቱ ደፋር ምርጫ ነው። ጥያቄው እውነት፣ ጠያቂው አደገኛ። ተመልካቹ አንዱን ከሌላው መለየት ግዴታው ይሆናል።

ሦስተኛው ሀብቱ ራሱ ነው። የጄይስና የቪክቶር ጥበብ የወለደው ትልቁ ነገር ሄክስጌት ነው፤ የአየር መርከቦችን በቅጽበት ወደ ሩቅ አገር የሚወረውር ግንብ። ፒልቶቨር በእርሱ የዓለም ንግድ መናኸሪያ ትሆናለች። ፊልሙ ዓመታትን ዘልሎ ሲመለስ ላይኛው ከተማ የበለጠ ያበራል፤ ታችኛው ግን ያው ነው፣ እንዲያውም በሺመር ከፍቷል። በመካከሉ ምን እንደሆነ ማንም ቆሞ አያስረዳንም። ዕድገቱ ወደ ታች እንዳልወረደ በዓይናችን እናያለን፤ በቃ።

ከዚያ የፋብሪካው ትዕይንት ይመጣል። ጄይስና ቫይ ሺመር የሚመረትበትን ቦታ ለማጥፋት ወርደው ይዋጋሉ። ጄይስ መሣሪያውን ሲተኩስ የሚመታው እዚያ ይሠራ የነበረ ልጅ ነው። እስከዚያ ድረስ ጄይስ ስለ ታች ሰፈር ያወራ የነበረው በምክር ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ፣ እንደ አንድ የጸጥታ ችግር ነበር። አሁን ዕፁን ማን እንደሚያመርተው ያውቃል። ጦርነቱን ትቶ ከሲልኮ ጋር ለመደራደር የሚቀመጠው ከዚህ በኋላ ነው። በፊልሙ ሁሉ ውስጥ ከላይ ያለ ሰው ስለ ታች ያለውን እውነት የሚማርበት ዋጋ እንዲህ ነው፤ የሚከፍለውም ሌላ ሰው ነው። ሃይመርዲንገር፣ ከተማዋ ስትመሠረት ጀምሮ የነበረው ረዥም ዕድሜ የታደለ ሊቅ፣ ታችኛውን ከተማ በቅርብ የሚያየው ከምክር ቤቱ ከተባረረ በኋላ ነው። ኤኮ የሚባለው ወጣት በትልቅ ዛፍ ሥር ወዳቋቋመው የስደተኞች መንደር ሲወስደው፣ በእርሱ ዘመን ሁሉ ሳያየው የኖረውን ያያል።

ከ«አርኬን» በፊት ይህን መንገድ በጥንቃቄ የሄደ ሌላ አኒሜሽን አለ። ማይክል ዳንቴ ዲማርቲኖና ብራያን ኮኒየትስኮ የፈጠሩት «አቫታር» እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2008 በኒኬሎዲዮን ሲታይ ለልጆች የተሠራ ነው ተብሎ ነበር። በሁለተኛው ሲዝኑ ባ ሲንግ ሴ የምትባል ከተማ አለች፤ ልዩነቱ ወደ ላይና ወደ ታች ሳይሆን በቀለበት የተሠራ ነው። በውጭኛው ቀለበት ስደተኛና ድኻ፣ በመካከለኛው ነጋዴና ተማሪ፣ በውስጠኛው ባለሥልጣንና ባለጸጋ፤ በመካከላቸው ግንብ። ከተማዋ ከጦርነት የሸሹ ሰዎችን ታስገባለች፤ ስለ ጦርነቱ ማውራትን ግን ትከለክላለች። ንጉሡ ራሱ አገሩ ለመቶ ዓመት ስትዋጋ እንደኖረች አያውቅም። ዳይ ሊ የተባሉት የምሥጢር ፖሊሶች ያወራውን ሰው ይወስዳሉ።

በዚያች ከተማ ልዩ ሆኖ የሚታየኝ የአይሮ ታሪክ ነው። አይሮ የጠላት አገር ጄኔራል ሳለ ባ ሲንግ ሴን ለ600 ቀን ከብቦ ልጁን እዚያ አጥቷል። አሁን ከወንድሙ ልጅ ከዙኮ ጋር ስሙን ለውጦ፣ እንደ ተራ ስደተኛ፣ በውጭኛው ቀለበት ሻይ ቤት ይቀጠራል። ሻዩ ስለጣፈጠ አንድ ባለገንዘብ በውስጠኛው ቀለበት የራሱን ሻይ ቤት ይከፍትለታል። ዙኮ የተወለደው በቤተ መንግሥት ነው፤ የሎሌነት ሕይወት ይከብደዋል፤ ያፍራልም። አይሮ ግን ከውጭኛው ቀለበት ጀምሮ ደስተኛ ነው። ልጆች ይህን ሲያዩ በግንቦቹ ማለፍ ምን እንደሚጠይቅ ያለ ማብራሪያ ይገባቸዋል፤ ግንቦቹን ያለፈው ደግሞ ከስደተኛው ሁሉ አንድ ሰው መሆኑን ያያሉ። ታሪኩ ከ70 ዓመት በኋላ በ«የኮራ አፈ ታሪክ» ሲቀጥል ግንቦቹ እዚያው ናቸው፤ የውጭኛው ቀለበት ድኻ እዚያው ነው። ንግሥቲቱ ስትገደልና ግንቦቹ ሲፈርሱ ሕዝቡ ቤተ መንግሥቱን ይዘርፋል። የመጀመሪያው ተከታታይ ጀግኖቹ ከተማዋን ነጻ አውጥተው ሲሄዱ ሁሉ ነገር የተስተካከለ መስሎን ነበር። ፈጣሪዎቹ ተመልሰው አልተስተካከለም ማለታቸውን አከብራለሁ።

«አርኬን» በሁለተኛ ሲዝኑ ምን አደረገ? ክርክሩ የሚከርረው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያዎቹ ክፍሎች ጥያቄውን ያጠነክሩታል። ኬትሊን ጭሱን ትለቅቃለች፤ ኋላም ኖክሰስ ከተባለው አገር በመጣችው የጦር መሪ በአምቤሳ ገፋፊነት የወታደራዊ አገዛዝ አዛዥ ትሆናለች። ጂንክስ ሳትፈልገው የታች ሰፈር ምልክት ትሆናለች፤ ወጣቶች ጸጉራቸውን እንደ እርሷ ሰማያዊ ያቀልማሉ። ነገሩ ወደ ትልቅ መነሣሣት የሚያመራ ይመስላል። ከዚያ ታሪኩ መንገድ ይለውጣል። ቪክቶር የሰውን ሥቃይ ሁሉ ከነፈቃዱ ሊያጠፋ ይነሣል፤ አምቤሳም ጦሯን ይዛ ትመጣለች። በመጨረሻው ጦርነት የዛውን ልጆች ከፒልቶቨር ወታደሮች ጎን ይሰለፋሉ። ሲያልቅ የሲልኮ ቀኝ እጅ የነበረችው ሴቪካ በምክር ቤቱ ወንበር ታገኛለች።

ይህን የሚደግፉ ተመልካቾች ጥሩ መከራከሪያ አላቸው። ታሪኩ ከመጀመሪያው የእኅትማማቾች ነበር ይላሉ፤ ፖለቲካው የሐዘናቸው መድረክ ነው። ሲልኮ የፈለገውን ያህል ቢታገል ለጂንክስ ያለው ፍቅር እንደሚበልጥበት ያየነው በመጀመሪያው ሲዝን ነው፤ ስለዚህ ፊልሙ ቃሉን አልለወጠም። ደግሞም የውጭ ጠላት ሲመጣ የተጣሉ ወገኖች ለጊዜው አንድ መሆናቸው በታሪክ የታወቀ ነገር ነው። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ።

ግን አንድ ነገር አለ። የእኅትማማቾቹ ሐዘን ከዚያ ድልድይ የመጣ ነው። ወላጆቻቸው የሞቱት፣ ቫይ ያለ ፍርድ ወኅኒ የተጣለችው፣ ፓውደር ለሲልኮ የተረፈችው ሁሉ በዚያ ሥርዓት ምክንያት ነው። ፊልሙ ራሱ ሐዘኑን በቧንቧዎቹ ላይ ገንብቶ ሲያበቃ፣ ሐዘኑን ብቻ ፈትቶ ቧንቧዎቹን መተው አይችልም። ተመልካቾች ይህን ሲጠይቁ ፖለቲካ ከውጭ እያስገቡ አይደሉም፤ የተሰጣቸውን ዓለም በቁም ነገር እየያዙ ነው። ቪክቶር የታች ሰፈር ልጅ ሆኖ ሳለ ጥፋቱ ከመደብ ጥያቄ ወጥቶ ስለ ሰው ልጅ ፍጽምና ወደሚናገር ሐሳብ መንሳፈፉም ይህንኑ ጉድለት ያጎላዋል። ሳሉ ተረሳ።

የሁለተኛው ሲዝን ሰባተኛ ክፍል ላይ ሰዎች በብዛት ያለቀሱበት ሌላ ዓለም አለ። ኤኮ ሄክስቴክ ፈጽሞ ባልተፈጠረበት ሕይወት ውስጥ ይነቃል። ቫይ በልጅነቷ በዚያ የሌብነት ቀን ሞታለች፤ ቫንደርና ሲልኮ ታርቀዋል፤ ፓውደር በሰላም አድጋለች፤ ታችኛው ከተማ ንጹሕና ደስተኛ ነው። ክፍሉ በውበቱ የሚወዳደረው ጥቂት ነው፤ የፓውደርና የኤኮ ጭፈራ በፎርቲሽ ሥራ ውስጥ ከምወዳቸው ትዕይንቶች አንዱ ነው። የሚያሳስበኝ ግን ክፍሉ የሚያስተላልፈው ምክንያት ነው። አመፁ ድልድዩ ላይ የተደመሰሰው ሄክስቴክ ከመፈጠሩ በፊት ነው። ጭሱም ከዚያ በፊት ነበረ። ታዲያ አንድ ፈጠራ ስለቀረ ብቻ ልዩነቱ እንዴት ተዘጋ? መስመሩን ማን ሠራው? ገንዘቡን ማን ከፈለ? የላይኛው ከተማ ጌቶች ምን ለቀቁ? ያንን ሰላም ያስገኙት ሰዎች ምን እንዳደረጉ ማየት እፈልግ ነበር፤ ምክንያቱም ሙሉው ተከታታይ ሲጠይቀው የቆየው ጥያቄ መልስ ያገኘው እዚያ፣ ካሜራው ባልደረሰበት ቦታ ነው።

የ«ሜትሮፖሊስ»ን መጨባበጥ የሚያስታውሰኝን የሴቪካን ወንበር በተመለከተ ደግሞ፣ ትልቅ ነገር መሆኑን አልክድም። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ታችኛውን ከተማ የሚወክል ሰው አልነበረም። ነገር ግን በመጀመሪያው ሲዝን ማብቂያ ላይ ሲልኮ ለጄይስ የሰጠው የጥያቄ ዝርዝር ከዚያ በጣም የሰፋ ነበር። ለዛውን ነጻነት፣ ክፍት የንግድ መንገድ፣ ሄክስጌቱን ያለ ገደብ መጠቀም፣ ለሕዝቡ ምሕረት። ምክር ቤቱ ለሰላሙ እጁን ባወጣበት ቅጽበት የጂንክስ ሮኬት በመስኮቱ ገባ፤ ያ ድምፅ ሳይጸድቅ ቀረ። በሁለተኛው ሲዝን በዘጠኙም ክፍል ዝርዝሩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠ ሰው የለም፤ ሴቪካም ወንበሯን ስትይዝ ስለ እርሱ አንድ ቃል ስትናገር አንሰማም።